ለታክሲ፣ ለባቡርና ለእግር መንገድ የትኛው ማዳመጫ ያዋጣል?

"የትኛው ኤርፎን ይሻላል?" ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ሌላ ጥያቄ ነው። የት ሆነው ነው የሚሰሙት? ሳሎን ተቀምጦ ለሚሰማ ሁሉም ደህና ነው። ከሜክሲኮ ሳሪስ በሚኒባስ ለሚመላለስ ሰው ግን ነገሩ ይለያል። ሞተሩ ያጉረመርማል። ሾፌሩ የራሱን ምርጫ ከፍቷል። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይጣራል። ከኋላ ያለው ሰውዬ የቤት ኪራይ ጭቅጭቁን በስልክ ለሁላችንም ያሰማል። በዚህ መሃል ሁሉም ሰው የሚያደርገው አንድ ነው፤ ድምፁን ይጨምራል።

ስለዚህ ለመንገድ የሚሆን ማዳመጫ ሲመረጥ ከድምፅ ጥራት በፊት መታየት ያለበት ጆሮን ምን ያህል ይዘጋል የሚለው ነው ባይ ነኝ። የውጭውን ጫጫታ ካልዘጋ ምርጥ የተባለውም ድምፅ ከሞተሩ ጋር ሲታገል ይውላል። ቤዙ መጀመሪያ ይጠፋል። ቀጥሎ እናንተ ድምፁን ትጨምራላችሁ። ማታ ቤት ስትገቡ ጆሯችሁ ጭው ይላል።

ዋጋ በብር አልጽፍም። የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ዛሬ ተጽፎ ለከርሞ የሚያገለግል አልሆነም። ርካሽ፣ መካከለኛ፣ ውድ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ቀሪውን መርካቶ ይነግራችኋል።

ባለገመዱ

ባለገመድ ኤርፎን ጊዜው ያለፈበት የሚመስላቸው አሉ። ለእኔ ግን በትንሽ ገንዘብ ጥሩ ድምፅ ለሚፈልግ ሰው እስካሁን የሚስተካከለው የለም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የምትከፍሉት ለባትሪ፣ ለብሉቱዝ፣ ለቻርጅ ማድረጊያ ሳጥን አይደለም። ገንዘቡ ድምፅ ማውጫው ላይ ይውላል። መብራት ጠፍቶ ቢያድርም ግድ የለውም፤ ስልኩ እስካለ ድረስ ይሠራል።

ጣጣው ሁለት ነው። አንደኛው ስልኩ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 አይፎን 7ን ሲያወጣ ክቡን የኤርፎን ቀዳዳ አስቀረው። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት። ዛሬ ቀዳዳው በብዛት የሚገኘው ርካሽና መካከለኛ ስልኮች ላይ ነው። ስልካችሁ ቀዳዳ ካለው እዳው ገብስ ነው። ከሌለው ሁለት መንገድ አላችሁ። በታይፕ ሲ የሚሰካ ኤርፎን ትገዛላችሁ፣ ወይም አጭሯን መቀየሪያ ገመድ ትጨምራላችሁ።

መቀየሪያዋ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ሁለት ዓይነት አለች፤ ከውጭ ሲያዩዋት ልዩነቷ አይታወቅም። አንዷ የዲጂታሉን ምልክት ወደ ድምፅ የምትለውጥ ትንሽ ቺፕ ውስጧ አለ። ሌላኛዋ ባዶ ሽቦ ናት፤ የምትሠራው ራሳቸው ድምፁን ለውጠው በታይፕ ሲ ለሚያወጡ አንዳንድ ስልኮች ብቻ ነው። ጓደኛችሁ ስልክ ላይ የሠራችው እናንተ ስልክ ላይ ዝም የምትለው ለዚህ ነው። የራሳችሁን ስልክ ሳትሰኩ ብር አታውጡ። አይፎን ያላችሁም ከ15 በፊት ያሉት ሞዴሎች ታይፕ ሲ ሳይሆን ላይትኒንግ የሚባለው የአፕል መሰኪያ ያላቸው መሆናቸውን አስታውሱ።

ሁለተኛው ጣጣ ራሱ ገመዱ ነው። ኤርፎን የሚሞተው ብዙውን ጊዜ ጆሮው ጋ አይደለም፤ ጃኩ (ስልኩ ላይ የሚሰካው ጫፍ) አንገት ላይ ነው። ስልክ ኪስ ውስጥ ገብቶ በወጣ ቁጥር እዚያች ቦታ ላይ ይታጠፋል። ከጊዜ በኋላ አንድ ጎን ይጠፋል፣ ገመዱን ጠምዘዝ ሲያደርጉት ይመለሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። የእስክሪብቶ ሞላ አውጥቶ እዚያች አንገት ላይ መጠምጠም የቆየ ዘዴ ነው። ዘዴው የሚጠቅመው ግን ሳይበላሽ በፊት ነው። ቀጥ ካለው ይልቅ ጃኩ እንደ "ኤል" የታጠፈውን መምረጥም ዕድሜ ይጨምራል። ገመዱ ጠፍጣፋ ከሆነ ደግሞ ቶሎ አይቋጠርም።

መንገድ ዳር ጨርቅ ላይ የተዘረጉት በጣም ርካሾቹ ያው ናቸው። ይሠራሉ፤ አንዳንዱ ይቆያል፣ አንዳንዱ ሳምንት አይሞላም። ትንሽ ጨምሮ የጎማ ጫፍ ያለውንና ሦስት መጠን ትርፍ ጎማ የተካተተበትን መግዛት ግን ልዩነቱ የትየለሌ ነው።

አንገት ላይ የሚውለው ብሉቱዝ

ይህ የተናቀ ዕቃ ነው። ሁለቱ ጆሮዎች በአጭር ገመድ የተያያዙ፣ ባትሪውና መጫኛው አንገት ላይ የሚያርፍ። ፋሽኑ አልፎበታል፣ እውነት ነው። ወጣቱ እሱን አድርጎ መታየት አይፈልግም። ለታክሲ ተሳፋሪ ግን ከዚህ የተሻለ ዲዛይን እስካሁን አላየሁም።

እንዴት መሰላችሁ? ረዳቱ "ሒሳብ" ሲል ምን እንደምታደርጉ አስቡ። አንዱን ጆሮ ታወጣላችሁ። በዚያው እጅ ኪስ ትገባላችሁ። ዝርዝር ትቆጥራላችሁ፣ ለፊት ሰው ታቀብላላችሁ፣ መልስ ትቀበላላችሁ። ለየብቻ የሆነችው ኤርፖድ የምትጠፋው በትክክል እዚህ ላይ ነው። ከሳንቲሙ ጋር መዳፍ ውስጥ ነበረች፤ አሁን ወንበሩ ሥር ናት። "ወራጅ አለ" ተብሎ ሰው እየተንጋጋ ማን አጎንብሶ ይፈልጋል? አንገት ላይ የሚውለው ግን ከጆሮ ሲወጣ ደረት ላይ ይንጠለጠላል። አለቀ።

ባትሪውም ትልቅ ነው። አንገት ላይ ቦታ ስላለ በአንድ ቻርጅ ቀኑን ሙሉ የሚሄድ ማግኘት አይከብድም፤ ከሁለት ቀን በላይ የሚያደርሱም አሉ። ሳጥን የለ፣ የሚረሳ ነገር የለ። ዋጋውም ተመሳሳይ ጥራት ካላቸው ገመድ አልባዎች ብዙውን ጊዜ ያንሳል። የቴክኖ፣ የኢንፊኒክስና የአይቴል ባለቤት የሆነው ትራንሽን የሚያወጣው ኦራይሞ በዚህ መስመር ለኪስ የሚቀርቡ ምርቶች አሉት።

ሲመርጡ መታየት ያለበት አንድ ነገር፦ ሁለቱ ጫፎች ማግኔት አላቸው ወይ? ካላቸው ደረት ላይ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ አይወዛወዙም። አንዳንዱ ሲያያዙት ራሱ ይዘጋል፤ ይህቺ ባትሪ የምትቆጥብ ጥሩ ነገር ናት።

ለየብቻ የሆኑት፣ ማለትም ሁላችንም "ኤርፖድ" የምንላቸው

ማንም የሠራው ቢሆን ስሙ ኤርፖድ ሆኖ ቀርቷል። ምቾታቸውን መካድ አይቻልም። ገመድ የለም፣ ሸሚዝ አይጎትትም፣ አንዱን ብቻ አድርጎ መሄድ ይቻላል። ሻሽ ወይም ሒጃብ ለምታደርግ ሴት ከላይ አይታዩም፣ አይጫኑም፤ ከሥር ሆነው ሥራቸውን ይሠራሉ። ሻሹ ሲስተካከል ወይም ነጠላው ከራስ ሲወርድ ግን አብረው ይወጣሉ። ይህንን የምታውቀው ያውም ጭቃ ላይ የወደቀባት ናት።

ስትገዙ መጀመሪያ የምትለዩት ባለ ጎማ ነው ወይስ ያለ ጎማ የሚለውን ነው። የመደበኛው የአፕል ኤርፖድ ቅርጽ ጎማ የለውም፤ ጆሮ በር ላይ ያርፋል እንጂ አይዘጋም። ቢሮና ቤት ውስጥ ይመቻል። ታክሲ ውስጥ ግን የሞተሩ ድምፅ እንዳለ ይገባል። ኤርፖድስ ፕሮና እሱን የመሰሉት ባለ ጎማ ናቸው። ለመንገድ እነዚህን ምረጡ።

ጎማው ልክ ካልሆነ ደግሞ ዋጋ የለውም። ብዙ ሰው ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ትርፍ ጎማዎች ዞር ብሎ ሳያይ ይጥላቸዋል። ተሳስቷል። ግራና ቀኝ ጆሯችሁ ራሱ እኩል ላይሆን ይችላል። አድርጋችሁ አፋችሁን ክፈቱ፣ ራሳችሁን ነቅንቁ። ከላላ ከፍ ያለውን መጠን ሞክሩ። "ቤዝ የለውም" ተብሎ የሚወቀሰው ዕቃ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የጎማው ነው።

ሳጥኑ ላይ "30 ሰዓት" ተብሎ ሲጻፍ አትሸወዱ። ያ ከሳጥኑ ጋር ተደምሮ ነው። ለምሳሌ ሁለተኛው ኤርፖድስ ፕሮ ኖይዝ ካንስሊንግ (የውጭ ጫጫታ ማጥፊያው) በርቶ በአንድ ጊዜ እስከ 6 ሰዓት ይሄዳል፤ 30ው የሚመጣው በሳጥኑ ደጋግሞ ቻርጅ ተደርጎ ነው። ለከተማ መንገድ 6 ሰዓት ከበቂ በላይ ነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር በአውቶቡስ ለሚሄድ ሰው ግን መሃል ላይ አውጥቶ ሳጥን ውስጥ መክተት ግድ ነው።

ስለ ዕድሜያቸው ሻጭ አይነግራችሁም። በእያንዳንዷ ጆሮ ውስጥ ያለችው ባትሪ በጣም ትንሽ ናት። እንደ ማንኛውም ሊቲየም ባትሪ እየተሞላችና እየጎደለች ታረጃለች። ዓመታት ሲያልፉ መጀመሪያ የነበረው 5 ሰዓት ወደ 2 ሰዓት ይወርዳል፤ በተለይ ስልክ ስታወሩ የምትጠቀሙባት ጎን ቀድማ ትደክማለች። ከፍቶ ባትሪ መቀየር ለብዙዎቹ ሞዴሎች የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ውድ ገመድ አልባ መግዛት ውድ ባለገመድ እንደመግዛት አይደለም። የሚያልቅ ዕቃ ነው የምትገዙት። ያገለገለ ኤርፖድ መግዛት በዚህ ምክንያት አልመክርም፤ የጆሮ ንጽህናውን ተዉትና።

ኮፒውስ? ሞልቷል። ሳጥኑ ሲከፈት አይፎኑ ላይ ምስሉ ብቅ ማለቱ የኦሪጅናልነት ማረጋገጫ አይደለም፤ ኮፒዎቹም ያንን ተምረዋል። ከአይኦኤስ 16 ጀምሮ ግን አይፎን ራሱ ዕቃው ኦሪጅናል መሆኑን ማረጋገጥ ካልቻለ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ስለዚህ የታደሰ ሶፍትዌር ያለው አይፎን ይዞ መሄድ ይጠቅማል። ሻጩ "ፈርስት ኮፒ ነው፣ ከዋናው አይለይም" ካላችሁ ቢያንስ እውነቱን ግማሽ ድረስ ነግሯችኋል። ለእኔ ግን በፈርስት ኮፒ ዋጋ ስሙን ያልደበቀ መካከለኛ ብራንድ መግዛት ይበልጣል፤ ሳውንድኮርም ሆነ ጄቢኤል። ቢያንስ ስለራሱ አይዋሽም።

ራስ ላይ የሚደረገው ሄድፎን

ድምፁ ሰፊ ነው፣ ባትሪው ብዙ ይቆያል፣ ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ነገር ለማይወድ ሰው ምቹ ነው። የሶኒ ደብሊውኤች 1000 ኤክስኤም 4 እና ኤክስኤም 5 ኖይዝ ካንስሊንግ በርቶ እስከ 30 ሰዓት ይሄዳሉ። በነዚህ በሁለቱ መካከል ለመንገደኛ ልዩነት አለ፤ 4ኛው ታጥፎ ትንሽ ይሆናል፣ 5ኛው አይታጠፍም። ቦርሳ ውስጥ ለሚጨምር ሰው የቀደመው ሊሻል ይችላል።

ለአዲስ አበባ ታክሲ ግን አልመርጠውም። አንደኛ ይሞቃል። ሁለተኛ ከሩቅ ይታያል፤ ዓይን ይስባል፣ መስኮት ዳር ከሆናችሁ ደግሞ እጅም ይስባል። ሦስተኛ ፀጉር። ሹሩባ ተሠርታ የወጣች ልጅ ወይም አፍሮ ያሳደገ ልጅ ከላይ ሲጭነው የሚሆነውን ያውቃል፤ ቅስቱ ፀጉር ላይ ሲንሳፈፍ ጆሮው ላይ ያለው ትራስ በደንብ አይገጥምም።

ይህ ዕቃ ቦታው ሌላ ነው። ቤተ መጻሕፍት፣ ቢሮ፣ አውሮፕላን። በተለይ አውሮፕላን። ገመድ አብሮት የሚመጣ ሄድፎን ወንበሩ ላይ ካለው ስክሪን ጋር ይሰካል፤ ኤርፖድ ይህን አይችልም። ሁሉም ግን ገመድ አይቀበልም። ባትሪው እስከ 50 ሰዓት የሚቆየው የሶኒ ደብሊውኤች ሲኤች 520 ርካሽና ቀላል ነው፣ የገመድ ቀዳዳ ግን የለውም። ደግሞም ጆሮ ላይ ያርፋል እንጂ ጆሮን አይከብም። ስለዚህ ጫጫታ አይከላከልም።

ብስክሌት ወይም ሞተር ለሚነዳ ሰው ሌላ ዓይነት አለ። ድምፁን በጉንጭ አጥንት በኩል የሚያስተላልፍ፣ የጆሮን ቀዳዳ ክፍት የሚተው። ሾክዝ የሚባለው ብራንድ በዚህ ይታወቃል። ለሙዚቃ ጥራት አትጠብቁ፤ ጥቅሙ የመኪና ጡሩምባ መስማታችሁ ነው። በእግር ቀለበት መንገድ የምታቋርጡም ብትሆኑ ቢያንስ አንዱን ጆሮ አውጡ።

ኖይዝ ካንስሊንግ ያስፈልጋል?

አሠራሩ ቆንጆ ነው። ትንሽ ማይክሮፎን የውጭውን ድምፅ ይሰማል። መሣሪያው የዚያን ድምፅ ተቃራኒ ሞገድ ይፈጥራል። ሁለቱ ሲገናኙ ይጣፋሉ። የቦዝ ኩባንያ መሥራች አማር ቦዝ ሐሳቡ የመጣለት እ.ኤ.አ. በ1978 ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ ሲበር ነው ይባላል። ኩባንያው ለአብራሪዎች የሚሆነውን ለገበያ ያቀረበው በ1989 ነበር።

አመጣጡ ራሱ የሚጠቅምበትን ይነግራችኋል። በደንብ የሚያጠፋው እንደ አውሮፕላን ሞተር ያለ ወፍራምና የማያቋርጥ ድምፅ ነው። የባቡር ጉርምርምታ፣ የአውቶቡስ ሞተር፣ የጄኔሬተር ድምፅ ይቀንሳል። የረዳቱ ጥሪ፣ የሕፃን ለቅሶ፣ ድንገተኛ ጡሩምባ ግን ያልፋል። ዋሽንግተን ሜትሮ ባቡር ውስጥ በየቀኑ ለሚቀመጥ ሰው ገንዘቡን ያዋጣል። አጭር የታክሲ መንገድ ላለው ሰው ልክ የሆነ ጎማ ብዙውን ሥራ ይሠራል።

አንድ ማታለያ ልጠቁም። ርካሽ ዕቃ ሳጥን ላይ "ኢኤንሲ" ተብሎ ይጻፋል። ይህ እናንተ ስልክ ስታወሩ ከወዲያ ያለው ሰው የሚሰማውን ጫጫታ ለመቀነስ ነው። እናንተ ለምትሰሙት ሙዚቃ ምንም አያደርግም። የምትፈልጉት "ኤኤንሲ" (ኖይዝ ካንስሊንጉ) የሚለውን ነው። አንዲት ፊደል ናት፤ ሻጩም ብዙ ጊዜ አይለያትም።

ኤልዳክ፣ አፕትኤክስ ምናምን ስለሚባሉት ኮዴኮች (ድምፅን ጨምቀው በብሉቱዝ የሚያስተላልፉ ዘዴዎች) ደግሞ ብዙ አትጨነቁ። አይፎን ሁለቱንም አይደግፍም። አንድሮይድ ላይም ቢሆን ቴሌግራም ላይ የወረደ የተጨመቀ ኤምፒ3 በምንም ኮዴክ አይሻሻልም።

ሱቅ ስትገቡ

"የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለው ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ስለዚህ ፍተሻው እዚያው ነው። ስልካችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩ በከፈተው ዘፈን አትሞክሩ። ሁሌም ቤዙ የሚደልቅ ነገር ነው የሚከፍተው። በደንብ የምታውቁትን የራሳችሁን ሙዚቃ አጫውቱ።

ለእኔ ጥሩ መፈተኛ በገና ነው። ከአውታሮቹ ሥር እንዚራ የምትባል ትንሽ ቆዳ ስለሚገባበት ያ የሚነዝረው ወፍራም ድምፁ ይመጣል። ደህና ማዳመጫ ላይ ንዝረቱን ከድምፁ ለይታችሁ ትሰማላችሁ፤ እያንዳንዱ አውታር ሲመታ ይታወቃል። ቤዙ ያለ አግባብ የተነፋ ማዳመጫ ግን ሁሉንም አንድ እምምም ያደርገዋል፣ የደርዳሪው ድምፅም ከሥር ይሰምጣል። ቀጥሎ ማሲንቆ። ጆሮ የሚወጋ ከሆነ ያ ዕቃ ላይኛው ድምፅ ላይ ችግር አለበት፤ ግማሽ ሰዓት ስትሰሙ ይደክማችኋል። ከበሮ ያለበት የሠርግ ዘፈን ደግሞ ምቱ ቁርጥ ቁርጥ ይላል ወይስ ይጎተታል የሚለውን ያሳያል።

ከዚያ ስልክ ደውሉ። ውጭ ወጥታችሁ፣ መኪና በሚያልፍበት። ወዲያ ያለው ሰው "ምን ጉድ ጓድ ይላል?" ካላችሁ መልሱት። ገመድ አልባ ከሆነ ሁለቱን ጎን ለየብቻ አጫውቱ፣ ሳጥኑ ውስጥ ስትከቷቸው ሁለቱም ቻርጅ መቀበላቸውን እዩ። ለስፖርት ከሆነ ውኃ የመቋቋም ደረጃውን እዩ፤ አይፒኤክስ 4 የሚል ላብና ካፊያ ይችላል፤ አይፒኤክስ 7 የሚለው ውኃ ውስጥ ቢወድቅም ይተርፋል። ይህ ስለ ጆሮዋ እንጂ ብዙ ጊዜ ስለ ሳጥኑ አይደለም።

ድምፁ ምን ያህል?

የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ልክ ቀላል ነው። በ80 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) በሳምንት 40 ሰዓት መስማት ይቻላል። በ90 ዴሲቤል ግን 4 ሰዓት ብቻ። አሥር ጨምሮ ጊዜው አሥር እጥፍ ይቀንሳል። በቀን ለመሄጃና ለመመለሻ ሁለት ሰዓት ታክሲ ውስጥ የሚያሳልፍ ሰው ሞተሩን ለማሸነፍ ድምፁን እስከ 90 ከከፈተ የሳምንቱን ድርሻ ማክሰኞ ይጨርሳል። ከስልኩ ድምፅ 60 በመቶ አለማለፍም ይመከራል። ጎማው ጥሩ ከሆነ ከዚያም በታች ይበቃችኋል፤ ሞክሩት።

እንግዲህ ማን ምን ይግዛ?

ተማሪ ከሆናችሁና ስልካችሁ ቀዳዳ ካለው፣ ባለ ጎማ ባለገመድ። በየቀኑ በታክሲ የምትመላለሱ ሠራተኞች፣ አንገት ላይ የሚውለው፤ ፋሽኑን ተዉት። ዕቃ የማትጥሉ፣ ስልክ ብዙ የምታወሩ፣ ሁለት ሦስት ዓመት ሲሞላው ሌላ መግዛት የማይከብዳችሁ፣ ባለ ጎማ ገመድ አልባ፤ መካከለኛ ዋጋ ይበቃል። ረጅም በረራ የሚበዛባችሁ ወይም ጫጫታ ቢሮ የምትውሉ፣ ጆሮን የሚከብ ሄድፎን ከነገመዱ።

ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ለሚመጣ ዘመድ የምታዝዙ ከሆነ የሞዴሉን ስም ሙሉውን ጻፉለት። "ኤርፖድ አምጣልኝ" ካላችሁት ያለ ጎማውን ይዞ ይመጣል። ትርፍ ጎማም እዘዙ፤ እዚህ የምትፈልጉትን መጠን ማግኘት አይቀልም። ዋስትናው ብዙ ጊዜ የተገዛበት አገር ላይ ስለሆነ ከመሳፈሩ በፊት ከፍቶ አንድ ጊዜ ያጫውተው። ባትሪ ስላለው ደግሞ በእጅ ሻንጣው ይያዘው።